የሳሙናው ዳይስ

አመሻሽ ላይ ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ወጣት የሒሳብ መምህር አፋጠጡት።

«ቲቸር፣ ልጄን ቁማር ታስተምራታለህ?»

«ኧረ ጋሼ! ፕሮባብሊቲ ነው።»

«ታዲያ ሳሙና ቆርጣ፣ ነጠብጣብ አድርጋበት የምትወረውረው ምንድን ነው?»

«የቤት ሥራ ነዋ! ትምህርት ቤቱ ዳይስ ስለሌለው ከሳሙና ሥሩ ብያቸው ነው።»

«እኛ ቤት ዳይስ ሐራም ነው።»

«ዶሮ ሲያስታቅፉ ስንት ጫጩት እንደሚወጣ ያውቃሉ?»

«አላህ ነው የሚያውቀው።»

«ግምትስ የለዎትም?»

«አለኝ እንጂ። አብዛኛው ይፈለፈላል። ሁሉም የሚፈለፈለው ግን አልፎ አልፎ ነው፤ ጭራሽ ባዶ መቅረትም ብርቅ ነው።»

«እኛም ራንደም ቫሪያብል የምንለው ይሄንኑ ነው፤ ቁጥሩ ቀድሞ አይታወቅም፣ ጠባዩ ግን ይታወቃል።»

«ታዲያ ለምን በእንቁላል አታስተምርም?»

«እስኪፈለፈል ሦስት ሳምንት ልጠብቅ? ፈተናው ደረሰ እኮ! ነገ ዳይሷን ይዛ ትምጣ።»

ሽማግሌው በመስኮቱ የሚመሸውን መንገድ አዩ።

«ዳይሱማ የለም። ተናድጄ ለእናቷ ሰጠሁ፤ ልብስ አጠበችበት። ልጅቷ ስታለቅስ አደረች... እስክንደርስ ሱቅ ይዘጋ ይሆን?»

እኔም እጄን ወደ ዘንቢሌ ሰድጄ፣ የገዛሁትን ሳሙና ከሽንኩርቱ ሥር መፈለግ ጀመርኩ።