ዓይን ያለው ካሮት

ወደ ቡራዩ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት አባት አጠገቡ ለተቀመጡ አንዲት እናት ስለ ሴት ልጁ ያወራል።

«አትክልት አልበላም ብላ አስቸገረችኝ፣ እማማ። ምን ላድርግ፣ ካሮቱን ቆራርጬ ሰው ሠራሁላት። ዓይን አለው፣ ጎመኑ ደግሞ ፀጉሩ ነው።»

«ታዲያ በላችው?»

«ቶላ ብላ ስም አወጣችለት። ከዚያ ‹ቶላን አትንኩት፣ ያመዋል› ብላ አለቀሰች።»

«አንተ በፊቷ ብላላት እንጂ። ልጅ የሚለምደው አባቱን አይቶ ነው።»

«ችግሩ እኔም ካሮት አልወድም። እናቴ ለምና ለምና ነው የተወችኝ።»

«አልበላሁም በለኛ።»

«በላሁ እንጂ። ትናንት ዓይን የሌለው ካሮት አቀረብኩና አንዱን ጎረስኩ። ፊቴ ሲኮማተር አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ‹አባዬ፣ ትንሽ ብቻ› እያለች በእጇ ታጎርሰኝ ጀመር።»

«እሷስ?»

«እሷማ አንዱን በዋጥኩ ቁጥር ‹ጎበዝ› ብላ ታጨበጭብልኛለች።»



«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉት ሴትዮዋ፤ «ቢያንስ አንዳችሁ ጀመራችሁ።»

እኔ ለልጄ የገዛሁትን ብስኩት ቀስ ብዬ ወደ ቦርሳዬ ሥር ገፋሁት።