ባሕር ላይ ያለው ልጅ

የአጎቴ ልጅ ዳዊት በሰው አገር ባሕር ኃይል ገብቶ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ባለፈው ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ቀየት በሚባለው የሰፈራችን ገበያ ቁጭ ብለን ሳለ ዳዊት ስልኬ ላይ ደወለ፤ ሁለታችንም እንድንሰማው ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት። አጎቴ ስለ ኑሮው ጠየቁት። «አልጋችን ሦስት ተደራራቢ ነው፤ መስኮት የለም። ምግብ በሰልፍ ነው። ሥራዬ ከታች ስለሆነ ፀሐይ ሳላይ ሳምንት ያልፋል» አላቸው። አጎቴ በእጄ የያዝኩትን ስልክ በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይሄ ልጅ ታስሯል። እንዳልደነግጥ ብሎ ነው መርከብ የሚለኝ።»

«ኧረ ጋሼ!» ብዬ ሳቅሁ። ግን ጥርጣሬያቸው እኔም ላይ ተጋባና «እስቲ ካሜራውን ክፈተውና ቤትህን አሳየን» አልኩት። «እዚህ መቅረጽ ክልክል ነው» አለኝ። ይሄኔ አጎቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ልጄ፣ አትደብቀኝ። አሁን ልሂድ ብትል ይለቁሃል?»

«አይለቁኝም አባዬ። ፈርሜያለሁ፤ ጊዜዬን ሳልጨርስ መውጣት አይቻልም» አላቸው።

አጎቴ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው ስልኩን መለሱልኝ። «አላልኩህም? በል፣ በሶ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»