ሰዒድ እንዳያየው የተሸፈነው ኮምፒውተር

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ስንጓዝ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ባለ ጌም ቤት ኮምፒውተሩን ታቅፎ ለጓደኛው ያማርራል።

«ልሸጠው ነው። ከሰዒድ ጋር ባንድ ቀን ነው የገዛነው፤ የሱ ጌም ይበራል፣ የኔ ይንቀረፈፋል። ልጆቹ ሁሉ እሱ ቤት ገቡ።»

«ግራፊክስ ካርዳችሁ አንድ ነው?»

«አንድ ነው።»

«ሴቲንጉን ነካክተሃል?»

«ስክሪኑ ሲርገበገብ አንዷን መጎተቻ ወደ ግራ ሳብኳት።»

«እስከ መጨረሻ?»

«እስከ መጨረሻ።»

«የካርዱን ማፍጠኛ አጥፍተኸዋላ! አብሽር፣ ወደ ቀኝ መልሳት፣ ይበራል። ይቺን ሰዒድም ያውቃታል።»

«ልይልህ ብሎኝ ነበር። ዓይኑን ፈርቼ በነጠላ ሸፈንኩበት።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ! አልሸጠውም፤ ወራጅ አለ! ወራጅ!» ብሎ ኮምፒውተሩን እንደታቀፈ ተነሳ።

አሥረኛ ክፍልን ኮምፒውተር ሳልነካ የጨረስኩት እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጥርሴን ነክሼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።