ቀኙ ግራ ሲገባው

ጎማዬ መንገድ ላይ ተንፍሶብኝ ክሪክ ልዋስ ጎራ ያልኩበት ግቢ፣ ከክሪኩ በፊት ክርክሩን አገኘሁ። ቆርቆሮ በለበሰው መጠለያ ሥር፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ትራክተር የኋላ ጎማዎቹ ወልቀው በግንድ ተደግፎ ቆሟል። በቀኙ በኩል አንድ ሽማግሌ እጃቸው እስከ ክርናቸው ግራሶ ተለውሶ ተንበርክከዋል። አጠገባቸው በቅርቡ ከሙያ ትምህርት ቤት የተመረቀች የወንድማቸው ልጅ ቆማለች። መምህር መሆኔን ስነግራቸው ሽማግሌው እንደ ዳኛ ያዙኝ።

"እንኳን መጡ፣ መምህር። ይህችን ልጅ ይምከሩልኝ። የጎማውን ዘንግ የሚሸከመውን አዲሱን ኩሽኔታ ላጥብቅ ስል፣ ይላላ ትለኛለች። ለማላላትማ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ መተው ይበቃ ነበር።"

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ትራክተሩን አባታቸው ለሁለት ወንድማማቾች ትተውት ሞቱ። እነሱም እንዳይጣሉ ብለው ተካፈሉት፤ ከመሀል ወደ ቀኝ ያለው የታላቁ፣ ወደ ግራ ያለው የታናሹ። ሰፈርተኛው ስማቸውን ትቶ ቀኝና ግራ ይላቸዋል። የቀኙ ኩሽኔታ ደጋግሞ ሲቃጠል፣ ቀኝ "ያበላሸብኝ ግራ ነው" ብለው ወንድማቸውን አኮረፉ። አሁን በእጃቸው ያለው የመጨረሻው ነው፤ ለዚህ ትራክተር የሚሆን ከእንግዲህ ገበያ ላይ አይገኝም። ይህም ከተቃጠለ ትራክተሩ ለአሮጌ ብረት ይሄዳል፣ የሁለቱም ማሳ ጦም ያድራል።

"አጎቴ፣ ይስሙኝ" አለች ልጅቷ። "የሚያጠብቁት ከኩሽኔታው ክዳን ሥር ያሉትን ስስ የቆርቆሮ ቀለበቶች እያወጡ አይደል?"

"አዎ። ባወጣሁ ቁጥር ይጠብቃል።"

"እንግዲያው ቀለበት እንጨምርበት።"

"ለማጥበቅ መቀነስ፣ ለማላላት መጨመር።" ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎ ገብቶዎታል፣ መምህር?"

አልገባኝም። መምህር ሆኖ አልገባኝም ማለት ግን ስለሚከብድ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ነገሩ ሁለት ገጽታ አለው" አልኩ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

"ቀለበቱ ክዳኑን ከኩሽኔታው ያርቀዋል" አለች። "ሲወጣ ክዳኑ ይጫነዋል፤ ሲጨመር ይተነፍሳል። ብረት ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያብጣል። ማበጫ ቦታ ካጣ ራሱን ይፈጫል። ስለዚህ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት መተው አለበት።"

"ክፍተት?" ቀኝ ቆጣ አሉ። "ሥራው ክፍተት አለበት እንዳልባል ዕድሜዬን ሙሉ ስለፋ ኖሬ፣ አንቺ ክፍተት ይተዉ ትይኛለሽ?"

እውነታቸውን ነው። ክፍተት በቋንቋችን መልካም ስም የለውም፤ ሲነገረን የኖረው ስለ መድፈን እንጂ ስለ መተው አይደለም። ተማሪዎቼን "ክፍተታችሁን ሙሉ" ስል የምውል እኔም ልቤ ወደ ሽማግሌው አደላ።

"ይሁን" ቀጠሉ። "ባለፈው ትንሽ ሲነቃነቅ አይቼ ሳላጠብቀው ተውኩት። ያው ተቃጠለ። ለዚህስ ምን መልስ አለሽ?"

አሁን ጭራሽ ዞረብኝ። ልጅቷ ግን የዘንጉን ጫፍ በሁለት እጃቸው እንዲይዙ ነግራቸው፣ ዞራ ወደ ግራ ሄደችና የዚያኛውን ጫፍ በትከሻዋ ገፋች።

ሽማግሌው ደነገጡ። "ማነው የገፋኝ?"

"ግራ ነው።"

"ከዚያ ማዶ ሆኖ እኔ ጋ እንዴት ይደርሳል?"

"ሁለቱ ዘንጎች መሀል ላይ ግንባር ለግንባር ይገናኛሉ፣ አጎቴ። ክፍተቱ የሁለታችሁም አንድ ነው። እርስዎ የተዉትን፣ አባቴ 'የኔ ላልቷል' ብሎ ከወዲያ በኩል ቀለበት እያወጣ ዘጋው።"

"ሊያበላሽብኝ ብሎ አይደለም?"

"የራሱን ማጥበቁ ነው። እንደ እርስዎ።"

ሽማግሌው ዘንጉን ለቀቁት። "ሰው ግራ ገባኝ ሲል እሰማለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ግን ለካ እውነትም ግራ ነው የገባብኝ።"

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በከንቱ ያለፈው ኩርፊያ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፣ አሳዘኑኝም።

"አሁን ምን ይሻላል?"

"አንድ ሰው ከዚህ ይገፋል፣ አንድ ሰው ከዚያ ሆኖ መነቃነቁን ያያል፤ እኔ ቀለበት እጨምራለሁ። እንዲህ ከተስተካከለ ኩሽኔታው ሳይሞቅ ይዞራል፣ ግራሶው ቀልጦ ፍሬኑን አያበላሽም፣ ሁለቱም ማሳ በጊዜው ይታረሳል። ከእንግዲህ ግን ማንም ብቻውን አይነካውም።"

"ቀለበት ከየት ይመጣል? እኔ ያወጣሁትን ሁሉ ጥዬዋለሁ።"

"አባቴ ምንም አይጥልም" አለች።

እኔ ልግፋ ብዬ እጅጌዬን መሰብሰብ ስጀምር "እርስዎን ጎማዎ ይጠብቅዎታል" አለችኝ በትሕትና። ያኔ ገባኝ።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ከወንድማቸው ግቢ ወደሚለያቸው አጥር ሄዱ። ለረጅም ጊዜ ያልጠሩትን ሰው ጠሩ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ታናሽየው በቀለበት የተሞላ ጣሳ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ልግባ?" አሉ።

"ግባ እንጂ" አሉ ቀኝ፣ ለወንድማቸው መንገድ እየለቀቁ። "ድሮስ ገብተህ የለም እንዴ?"