የዶክተር ኦፌይራ ዘቦች

ዶክተር ኦፌይራ ከአባታቸው ከቀድሞው የመንደራችን አለቃ ከቱኢላጊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳሎቴ በሳሞአ፣ በዚሁ በሳቫይኢ ደሴት ተወለዱ። ባሕሩ ዳር ባለው ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ በኒውዚላንድ ሕክምና ተምረው ሲመለሱ፣ እዚያው ይቀራሉ ብሎ የደመደመውን ሁሉ አሳፈሩ።

ገና በልጃገረድነታቸው፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ባለቤቱን የሚወጋበት ሉፐስ የተባለው ደዌ ስለያዛቸው፣ ይኸው መከላከያ የልብን የደም ሥር እንዴት እንደሚጎዳ ሲመረምሩ ኖሩ። ነጭ የደም ሕዋሳት በደም ሥር ግድግዳ የተከማቸውን ስብ ሊያጸዱ ገብተው፣ ከልክ በላይ ውጠው፣ መውጣት አቅቷቸው እዚያው እየሞቱ መንገዱን እንደሚያጠብቡ ሲያስረዱ፣ በማታው ጸሎት ሰዓት ማንም እንዳያልፍ መንገድ የሚጠብቁትን የመንደራችንን ጎረምሶች ያነሱ ነበር። ጎረምሶቹ “ዶክተር፣ እኛኑ በሽታ አደረጉን እኮ” ብለው ሲያሾፉባቸው፣ “እናንተማ የማብቂያው መለከት ሲነፋ ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ የኔዎቹ ናቸው መሄድ የማያውቁት” ይሏቸው ነበር።

ከመምህር ኢሳኮ ጋር ትዳር መሥርተው ሊሊኣንና ታቪታን ወልደዋል። ሳቃቸው ከጓዳ ተነሥቶ ባሕሩ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ቤቱ አሁን ጭር ብሏል።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ፣ የዛጎሉ መለከት ለጸሎት ተነፍቶ መንገዱ እንደተዘጋ፣ ደረታቸውን ወጋቸው። መምህር ኢሳኮ የመኪናውን ቁልፍ ይዘው ሲነሡ፣ ምን እንደመጣባቸው ከማንም በላይ የሚያውቁት ዶክተር ኦፌይራ፣ አባታቸው ያጸኑትን ሥርዓት እርሳቸው ማፍረሱን አልወደዱምና የባለቤታቸውን እጅ ያዙ። “ቆይ ኢሳኮ፤ አሁን ያበቃል” አሉ። መለከቱ ጸሎቱ ማብቃቱን ሲያበሥር፣ ባለቤታቸውን የያዘው እጃቸው ላልቶ ነበር። ደጃፋቸው ላይ የቆሙት ጎረምሶች አንድ ቃል ቢሰሙ ኖሮ ተሸክመዋቸው በሮጡ ነበር፤ ይህ ሐዘን ከአንጀታችን አይወጣም።

ዶክተር ኦፌይራ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አለቃ ሴሚሲን፣ እንዲሁም ከዚያን ማታ ወዲህ ቀና ብለው ማየት የተሳናቸውን እነዚያን ጎረምሶች ትተው አልፈዋል። ዛሬ አስከሬናቸው የሚወጣው በዚያው በጸሎት ሰዓት ነው። ሽማግሌዎቻችን ስለፈቀዱ ጎረምሶቹ ዳር ዳር ይቆማሉ፣ መንገዱም ክፍት ይሆናል። ማክሰኞም ቢሆን ይከፈትላቸው ነበር፤ አልጠየቁንም እንጂ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን፤ ያንን እጅ ይዘው ለቀሩትም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።