ኮራች ይበሉኝ

ታክሲው ከሜክሲኮ ወደ ልደታ እንደተነሳ፣ ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት አጠገቤ ያሉትን ሴትዮ ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው።

"እትዬ አልማዝ፣ ቆይ ግን ምን አስቀይሜዎት ነው?"

"አንቺ ነሽ እንዴ ራሄል? ምን ታስቀይሚኛለሽ ደሞ?"

"ትላንት ሕንፃችን ደረጃ ላይ ሰላም ስልዎት ጥለውኝ አለፉ። አሁንም ታክሲ ስንጠብቅ ከጎንዎ ቆሜ ነበር።"

"ከጎኔ ስለቆምሽ እኮ ነው ያላየሁሽ። ፊት ለፊቴን አያለሁ፤ ግራና ቀኙ ጠፍቷል። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ።"

"በስመአብ! ይድናል አይደል?"

"የሄደው አይመለስም። የቀረው እንዳይሄድ ጠብታ አደርጋለሁ።"

"ሕንፃው በሙሉ እኮ ኮራች እያለ ያማዎታል!"

"ሰምቻለሁ። ይበሉኛ።"

"ለምን አይነግሯቸውም?"

"የእድሩን ወጥ የሚሠራው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ዓይኗ ጠፋ ከተባልኩ በማግስቱ ጭልፋውን ይቀበሉኛል። አንቺ አረፍ በይ፣ እኛ እንሠራዋለን ብለው ጥግ ያስቀምጡኛል። ገና እችላለሁ ራሄል። ድስቱ ያለው ከፊቴ ነው።"

ወጣቷ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"ታዲያ እኔ ከዛሬ ጀምሮ እንዴት ሰላም ልበልዎት?"

"ከፊቴ መጥተሽ ስምሽን ንገሪኝ። ለሌላ ሰው ግን እንዳትነግሪ።"

"እሺ። ራሄል ነኝ፤ እንዴት ዋሉ እትዬ አልማዝ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ?"

ሴትዮዋ ታክሲው ውስጥ ሲገቡ በአንገቴ ሰላም ብያቸው ዝም ስላሉኝ ወደ መስኮቱ አዙሬው የነበረውን ፊቴን ቀስ ብዬ ወደ እሳቸው መለስኩ።