አማርኛ የሚሰማው ውሻ

ሐኪሙ ጆሮህ ደክሟል ይለኛል፤ ታክሲ ውስጥ ግን የሰው ወሬ አምልጦኝ አያውቅም። ዛሬ በዚህ በሰው አገር ከተማ፣ ከሀይ ማላካል ሰፈር ስንነሳ ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ፣ የተጣሉ ውሾችን አንስታ እንደምታክም አጠገቧ ላለው ጎልማሳ ታወራለች።

«አንዱን በዓረብኛ ‹ተዓል› ብለው ንቅንቅ አላለም። ‹ና የኔ ጌታ› ስለው ተነሳ!»

«የሐበሻ ውሻ ነዋ! የት አገኘሽው እህቴ?»

«አትላባራ ሰፈር፣ ተከራዮቹ በለቀቁት ግቢ። በሽቦ አስረውት ሄደው አንገቱ ዙሪያውን ቆስሏል።»

«ጥቁር ነው? ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው?»

«በምን አወቅህ?»

«የኔ ነው! አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ ሚስቴ ናት ቤቱን የለቀቀችው። ‹ጠፋ› ብላኝ አብረን አልቅሰናል!»

«በስመ አብ!»

«ይድናል?»

«ትናንት እህል ቀምሷል። መጥተህ ጥራው፤ ሚስትህን ግን እንዳታመጣት።»

መውረጃዬ ካለፈ ቆይቷል፤ «ወራጅ አለ» የሚል አፍ ግን ከየት ይምጣ።